ቀስ ብሎ መቆም ያልለመደው ፈረሳችን

ዛሬ ጠዋት አባቴ በፈረሱ አንገት ላይ ተወርውሮ መሬት ሲወድቅ በዓይኔ አየሁ።

ደህና ነው፣ ትከሻው ብቻ ነው የተጎዳው። እኔ ግን ተስፋ ቆርጫለሁ።

ዳማ ፈረሳችን ሲጋልብ ያምርበታል። ችግሩ አቋቋሙ ላይ ነው። ከግልቢያ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ ቀስ እያለ መውረድ አያውቅም። ልጓሙ ሲሳብ ጭንቅላቱን ሽቅብ ወርውሮ ባለበት ይገተራል። (ፍሬን አለው፣ ማርሽ ግን የለውም።)

አባቴ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል አንዴ ልጋልብበት ስላለ፣ ከሶዶ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ክረምቱን ሙሉ ሳለማምደው ከረምኩ። ልጓሙን ከመሳቤ በፊት ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ ትንፋሼን አውጥቼ "ቀስ" እለዋለሁ።

ትናንት ፈረሱ እሺ አለኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ ዛሬውኑ ካልወጣሁበት አለ።

እሱ ግን በለመደው እጁ ልጓሙን በኃይል ሳበው። ፈረሱም ቀጥ አለ።

ላነሳው ስሮጥ "እኔን ተወኝ፣ ፈረሱን ያዘው!" አለኝ።

ጭቃውን ስጠርግለት "ኮርቻውን ለወንድምህ ስጠው። እኔ በቃኝ" አለ።

"አባዬ፣ ትከሻህ ሲድን እንደገና እንሞክራለን። ለከርሞም ጊፋታ አለ።"

"ለእኔ ስንት ጊፋታ ቀረልኝና ነው ልጄ?"

አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ምሳም አልበላም።

እናት ወይም አባታችሁ ዕድሜ ልካቸውን የወደዱትን ነገር "በቃኝ" ሲሉ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ምን ብላችሁ መለሳችሁላቸው? እስኪ ንገሩኝ።