አንገቱን የማይደፋው ልብስ ሰፊ

ሰፈርተኛው «ጋሽ ቀጥ በል» ይለዋል። ልክ ሲወስድ ደንበኛውን «ቀጥ በል! እኔ ለጎባጣ አልሰፋም» እያለ ስለሚያመናጭቅ ነው። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ይህን ስም በሰማች ቁጥር አፍንጫዋን ትነፋለች። ዕድሜ ልኩን ስፌት መኪና ላይ ተደፍቶ የኖረ ሰው ስለ ቀጥ ማለት ሲሰብክ!

ያለበት የስኳር በሽታ መጀመሪያ ያጠቃው ቀኝ ዓይኑን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስኳር ሲበዛ በዓይን ውስጥ ከጀርባ በኩል ባለው፣ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ ደካማ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። ይደማሉ። እያደር ሽፋኑን እንደ ተጎተተ ክር ይሸበሽቡታል፤ ሲብስም ይቀዱታል። ያከመችው የዓይን ሐኪም በቀዶ ጥገና በዓይኑ ውስጥ በደም የደፈረሰውን አወጣች፤ የተቀደደውን አስተካከለችና ዓይኑን በጋዝ ሞላችው። «ፊትዎን ወደ መሬት ደፍተው ይሰንብቱ፤ ሲተኙም እንዲሁ» አለችው።

ብልሃቱ እንዴት ያምራል! ጋዝ ምንጊዜም ወደ ላይ ይወጣል። ሰው ሲያቀረቅር ደግሞ ላይ የሚሆነው የዓይኑ ጀርባ ነው። ስለዚህ ጋዙ ሽፋኑን እስኪጣበቅ ድረስ እንደ ካውያ ተጭኖ ይይዘዋል።

ጋሽ ቀጥ በል ግን ጠያቂ ይመጣል ብሎ ከረባቱን አሰረና እንደ ዳኛ ወንበር ላይ ተሰየመ።

«አንገትህን ድፋ!» አለችው እህቱ።

«ሰው ፊት? ምን ሰርቄ ነው እትዬ?»

ካውያው ከጨርቁ ላይ ተነሳ። ሽፋኑ ተላቀቀ፣ ዓይኑም ጨለመ። እሱ «ሐኪሟ አበላሸችኝ» እያለ ሰፈር ለሰፈር አወራ። እህቱ የናቀችው ያን ጊዜ ነው፤ በመታወሩ ሳይሆን በወሬው።

ከዓመታት በኋላ ግራ ዓይኑ ደማ። የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ከጠፋ መቀስም የለ፣ ሥራም የለ። ለሱም ያው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ቤት እንደተመለሱ እህቱ ስፌት መኪናውን አነሳችና ጠረጴዛው ላይ ትራስ አኖረች።

«በል፣ ግንባርህን እዚህ!»

«ሰው ቢመጣስ?»

«ይምጣ! ለሰው ሱሪ ስታጎነብስ ኖረህ ለገዛ ዓይንህ ሲሆን ነው የሚያምህ?»

ዋጥ አድርጎ ተደፋ። ጎረቤታቸው ባለሉካንዳው ሊጠይቅ ገባ።

«ምነው ጋሼ፣ መርፌ ወደቀብህ?»

«ኩራቱ ነው የወደቀበት» አለች እህቱ።

ጋሽ ቀጥ በል ቀና ሳይል እጁን ሰደደና የባለሉካንዳውን ሱሪ ጠርዝ ዳበሰ።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«ማዶ ያለው አዲሱ ሱቅ።»

«እና አንተ ይህን ለብሰህ ቀና ብለህ ስትሄድ ነው እኔ ላቀርቅር የማፍረው?»

ሽፋኑ ያዘ። ይኸው ዓመታት አልፈውም አልለቀቀም። እንደ ድሮው ግን አይደለም። የሚደሙትን ሥሮች ያደረቀው የሌዘር ጨረር የዳር እይታውን አጥብቦበታል፤ ሲመሽ በር ላይ የቆመውን የልብስ አሻንጉሊት እየገጨ «ይቅርታ ወንድሜ» ይለዋል። ደግሞም ቀዶ ጥገና የተቀደደውን ይጥፋል እንጂ ጨርቁን የሚበላውን ብል አይገድልም። ብሉ ስኳሩ ነው። ጋሽ ቀጥ በል ይህን እያወቀ ከጨርቅ ጥቅል ጀርባ ለስላሳ መጠጥ ይደብቃል። እህቱ አውጥታ ደጅ ትደፋዋለች። «አሁንስ ሌባም ሆንክ!»

በቀደም ዓይኑን ሊታከም የተቀጠረ አንድ ደንበኛ ምክር ጠየቀው።

«ሐኪም ምን ያውቃል ብለህ ነው!» አለ ጋሽ ቀጥ በል ደረቱን ነፍቶ። «ዓይኔን ያዳነው የራሴ ትዕግሥት ነው።»

እህቱ ዓይኑን የምትለካበትን የዘወትር ፈተናዋን፣ ጥቁር ጨርቅና ጥቁር ክር፣ ፊቱ ጣለችለት። መብራቱን አስጠግቶ አጎነበሰና ሰፋ። ጠማማ ብታገኝበት ደስ ይላት ነበር፤ ስፌቱን በጥፍሯ ተከትላ ዳር ደረሰች። አንድም የሳተ የለም።

«ግራ ዓይኑ ደህና ነው» አለች ወደ ደንበኛው ዞራ። «አንተ ግን ድፋ ሲሉህ ድፋ። የሱን ትዕግሥት ማወቅ ከፈለግህ ቀኙን ጠይቀው።»