የድመቷ ጆሮና የእኔ አፍንጫ

ዛሬ ጠዋት ድመት አክብራኝ ጆሮዋን ዝቅ ያደረገች መስሎኝ ላቅፋት ጎንበስ አልኩ። አፍንጫዬን በጥፍሯ አገኘችው። በዚህ ዕድሜዬ በራሴ ላይ ሽበት እንጂ በአፍንጫዬ ላይ አዮዲን ይጨመራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ድመቷ የተከራዬ ናት። ተከራዬ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ ነገ ወደ ጽጽቃ ከተማ ተዛውራ ትሄዳለች። ድመቷን ትታልኝ እንድትሄድ ሲስተርን ስለምናት ሰንብቻለሁ። አይጥ ጋቢዬን ወንፊት አድርጎታል። ጋቢውስ ሰበብ ነው፤ ግቢው ጭር ሲል ከአጠገቤ ኩርር የሚል ነገር ቢኖር ብዬ ነው። ሲስተር ግን «ፈቃዷ ከሆነ» ብላኛለች። ድመቷ እምቢ ካለች ለጠላ ሻጯ ጎረቤታችን ትሰጣታለች።

ሲስተር አፍንጫዬን እየጠረገች ሳቋ አመለጣት።

«አባባ፣ ጆሮዋን እንዲህ ለጥፋ ሳለች ምን ብለው ነው የነኳት?»

«የኔ ውሻ ጆሮውን ለጥ የሚያደርገው ሲወደኝ ነዋ!»

«እሱ ጭራውን እየቆላ ነው። ይቺ ግን ጆሮዋን ስትለጥፍ ‹ጠጋ ብትል ወየውልህ› ማለቷ ነው።»

ለካ ድመትን በውሻ ፊደል ሳነብ ነው የኖርኩት። አህያ ስጭን ያረጀሁ፣ «ጆሮ አይቼ ርግጫ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ» እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰውዬ!

ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ሰበሰብኩ፤ አፌንም፤ የከበደኝ አፌ ነው። ድመቷ ጆሮዋን ወደ ጎን ጣለችው። ሲስተር ከበሯ ሆና «ገና ነው፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አለችኝ በሹክሹክታ። ቆይቶ አንዱ ጆሮ ወደ እኔ ዞረ፤ ሌላው ወደ ጠላ ቤቱ። አልፈረድኩባትም፤ የእኔም ጆሮ ልማዱ እንደዚያው ነው። በመጨረሻ ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ እኔ ቆሙ። መጣችና ጉልበቴ ላይ ወጣች።

«በቃ፣ ወሰደችዎት» አለች ሲስተር። ፈገግ ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ነካ አደረገች።

እኔ በደስታ ሰክሬ ለድመቷ ቁራጭ ሥጋ ቃል ገባሁላት። ሲስተር በሳቅ ፈረሰች።

«አባባ፣ ዐቢይ ጾም እኮ ነው!»

ቤቴ ያለው ሽሮ ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ ድመቷ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኛለች፤ ጆሮዋ በትንሹ ወደ ኋላ ዘመም ብሏል። አፍንጫዬን በጋቢዬ ሸፍኛለሁ። እስከ ፋሲካ የአንዲት ቁራጭ ሥጋ ባለዕዳ ነኝ።