«ማን ሞተ?» እየተባለ የተራመደው አባቴ

ዛሬ ጠዋት ጭሮ አስፋልት ላይ ለደም ግፊቴ ስራመድ፣ አንድ የማላውቀው ወጣት «በርቺ እናቴ!» ብሎኝ በሩጫ አለፈ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አባቴን አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከተማችን ጭሮ ገና አሰበ ተፈሪ ስትባል። አባቴ ጫት ነጋዴ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር «ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ኪኒኑን ይዋጡ፣ ጠዋት ጠዋትም ፈጠን እያሉ ይራመዱ» አለው።

ችግሩ፣ ያኔ እኛ ጋ ትልቅ ሰው በጠዋት እየተቻኮለ ከታየ ለቅሶ አለ ማለት ነው።

ጎረቤት ሁሉ «ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?» እያለ ይከተለዋል።

«ወላሂ ማንም አልሞተም! ለግፊቴ ነው» ይላል። ማን ይመነው! አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ ሽርጣቸውን እያጠበቁ እስከ ከተማው መውጫ አጀቡት፤ ለቅሶ ቤቱን ሲያጡ ደግሞ ተቆጡት።

ቆይቶ «ይሄ ሰውዬ ሞት እየጠራ ነው» ተባለ። እናቴ ፈራች። «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተወው» ብላ ለመነችው።

ተወው። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያይ ጀመር።

ዓመት ሳይሞላ ግፊቱ ጣለው።

ጀናዛውን ተሸክመው፣ በዚያው በሚራመድበት መንገድ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሲወስዱት በር ላይ ቆሜ አየሁ። ያን ቀን ማንም «ማን ሞተ?» ብሎ አልጠየቀም።

እናንተ ቤትስ ለጤናው ሲል ወጥቶ ሰው ያስቆመው አለ? ጻፉልኝ እስቲ።

የኔን አባት «በርታ» ያለው አንድ ሰው አልነበረም።