ጫፉን የዘመዘምኩት ሽቦ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ የስፌት መኪናዬ ገና አዲስ ነበር፣ እግሬም ቀኑን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ ይውል ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት ወዲህ ወዲያ ቢል አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በዚያ ጊዜ ቀኖቹ ሁሉ አንድ ቀን ይመስሉኝ ነበር። ደክሞኝ እነሣለሁ፣ ደክሞኝ እተኛለሁ።

ቢቸና፣ ከገበያው ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። መኪናዬ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ነው፤ መኖሪያችን ከጓሮ፣ በመሃል ሠላሳ እርምጃ የሚሆን ግቢ አለ። በዚያ ዓመት ባለቤቴን ግማሽ ጎኗን መታት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሉ፣ አንደበቷም ተያዘ። ጠበል ወሰድኳት፣ ሐኪም ቤትም አደረስኳት፤ የተረፈላት ግራ እጇ ብቻ ሆነ። አእምሮዋ ግን ሙሉ ነበር። የምትፈልገውን ታውቃለች፣ መጥራት አትችልም።

ጠዋት አጥቤ፣ አብልቼ፣ አገላብጬ አስተኝቻት ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። መኪናው ሲንኳኳ የታመመ ሰው ድምፅ ቀርቶ የገበያው ጫጫታም አይሰማኝም። ስለዚህ በየጥቂቱ እየተነሣሁ ግቢውን አቋርጬ አይቻት እመለሳለሁ። መጀመሪያ ገመድ ዘርግቼ፣ ጠጠር ያለበት ጣሳ ጫፉ ላይ አንጠልጥዬ ነበር፤ ስትፈልገኝ እንድትስበው። ክረምቱ ሲገባ ገመዱ በዝናብ እየከበደ እጇ አልችለው አለ። አንድ ቀን ሱሪ ስቆርጥ ቆይቼ ብገባ፣ ከአልጋው ወድቃ፣ ፊቷ መሬት ላይ ሆኖ፣ የውሃው ጣሳ ከጎኗ ተደፍቶ አገኘኋት። አላለቀሰችም። እንዲያው አየችኝ።

ወሬው ጉንደ ወይን ላለው ታላቅ ወንድሟ ደረሰና መጣ። አጠገቧ ተቀምጦ ነው የተናገረው።

"አንተን አልወቅስም፣ አማቼ። አንድ ሰው ነህ። እኛ ዘንድ ግን ቤት ሙሉ ሰው አለ። ፍልሰታ ሲፈታ በቅሎ ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ።"

ትራሷ ላይ እንደተኛች ራሷን ነቀነቀች። አየና ፊቱን መለሰ።

"እሷማ እንቢ ትላለች። ስትወድቅ ማን ይሰማታል?"

"ስትጠራኝ የማውቅበት መላ ባገኝስ?" አልኩት።

"አፍ የሌላት ሰው በምን ትጠራለች? እሺ፣ ካገኘህ እተዋታለሁ።"

ከሞጣ ጨርቅ የሚያመጣልኝ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ እኩያዬ ነው፣ ቀልድ ይወዳል። የሆነውን ስነግረው ግን አልቀለደም። "የእጅ ባትሪ አለህ?" አለኝ።

"አለኝ።"

"አፍርሰው። ድንጋዮቹን እሷ ጋ፣ አምፖሏን አንተ ጋ አድርግ። በመሃል ሽቦ ዘርጋ። ስትነካው እዚህ ይበራልሃል።"

ድንጋይ ያለው በባትሪው ሆድ የሚገቡትን ሁለቱን ነው፤ ስማቸው እንዲያ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ሁለት ጥቅል ሽቦ ሰጠኝና፣ የጭነት መኪናው እንዳያመልጠው ሮጠ።

እኔ ነገሩን የገመትኩት እንደ ገመዱ ነው። ገመድ አንድ ይበቃል። አንዱን ጥቅል ብቻ ከአልጋዋ እስከ መኪናዬ ዘረጋሁና ጫፍና ጫፉን አሰርኩ። አምፖሏ ዝም አለች። አጠበቅኩት፣ አላላሁት፣ ድንጋዮቹን ፀሐይ አሞቅኳቸው። በየቀኑ ከስፌት በኋላ እሞክራለሁ፣ በየቀኑ ዝም። ባለቤቴም ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። ፍልሰታ ገባ።

ነጋዴው በሚቀጥለው ገበያ ሲመጣ ሽቦውን በዓይኑ ተከትሎ አልጋው ድረስ ሄደና ተመለሰ።

"ሌላኛውስ?"

"ተርፎ አስቀምጬልሃለሁ።"

"ተርፎ።" ወደ ስፌት መኪናዬ ዞረ። "እስቲ መኪናህን በላይኛው ክር ብቻ ስፋባት።"

"አይሰፋማ። የታችኛው ክር ካልያዘው ጨርቁን ወግቶ ይወጣል እንጂ አይዝም።"

"ኮረንቲም እንደዚያው ነው። በአንዱ ሽቦ ይሄዳል፣ በአምፖሏ ውስጥ ያልፋል፣ በሌላው ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። መመለሻ ከሌለው ከቦታውም አይነሣ።"

"መመለሻ እንደሌለው ሳይሄድ በምን ያውቃል?"

"እሱን እኔም አላውቅ። ያስተማረኝ ራዲዮ ጠጋኝም አላወቀው።"

ሁለተኛውን ሽቦ አብረን ዘረጋን። ከአልጋዋ ጎን አንዱን ሽቦ ቆረጠና በሁለቱ ቁራጮች መሃል ከጣሳ የተቀደደ የቆርቆሮ ምላስ አደረገ። ስትጫነው ቁራጮቹ ይገናኛሉ፣ ስትለቀው ይለያያሉ። ሲለያዩ የዓባይ ድልድይ እንደ ተሰበረ ቁጠረው፣ ማንም አይሻገርም አለኝ። ተጫነው። አልበራም።

ያን ጊዜ እኔ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ድካም አሁንም ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

እሱ ግን አምፖሏ ጋ ያለውን የሽቦ ጫፍ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ሲያየው ቆየ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጫፉ ነው።"

"ነጩ ነገር ነው የምልህ።"

"ዘምዝሜው ነው።"

ሽቦው ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብዙ መዳብ ነው። ላስቲኩን ስልጠው ተበታተነብኝ። ከእኔ እጅ ደግሞ ያልተዘመዘመ ጫፍ ወጥቶ አያውቅም። በነጭ ክር፣ ጥቅጥቅ አድርጌ፣ አንድ ፍንጭ መዳብ ሳላስቀር የመጀመሪያውን ሽቦ ሁለቱንም ጫፍ ጠቅልዬዋለሁ።

ነጋዴው ያመጣው የአቡጀዲ ጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ወላሂ፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረህ። ለኮረንቲ ኮት የሰፋህለት አንተ ነህ።"

"እንዳይተረተር ብዬ ነው።"

"ይተርተር። መዳብ ከመዳብ ራቁቱን ካልተነካካ አያልፍም። ክር ለእሱ ግድግዳ ነው።"

በምላጭ ፈታሁት። እውነቱን ለመናገር እጄ እሺ አላለኝም፤ በደንብ የተሠራ ሥራ ነበር። ከዚያ እሱ ወደ ቤት ሄደና ከደጅ ሆኖ "እህቴ፣ ተጫኚው" ሲል ሰማሁ። አምፖሏ መኪናዬ ራስ ላይ በራች። ትንሽ ናት፣ ቀላ ያለች። ስገባ ባለቤቴ በግማሽ አፏ ትስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ውሃ ስትፈልግ ትጫናለች፣ መገላበጥ ስትፈልግ ትጫናለች፣ ምንም ሳትፈልግም ትጫናለች። ድካሜ አልቀነሰም፤ ተቀምጬ መስፋት ግን ቻልኩ። ይሁን እንጂ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ድንጋዮቹ አለቁ። ቢቸና ሱቆች ውስጥ ድንጋይ ጠፍቷል፣ የጭነት መኪናዎቹ ጭቃው ይዟቸው ቀርተዋል። ወደ ሞጣ በእግሩ ለሚሄድ አንድ መንገደኛ ለነጋዴው መልእክት ሰጥቼ ጠበቅኩ። የፍልሰታ ዕለት ጠዋት፣ በካኪ ቁራጭ የተጠቀለሉ ሁለት ድንጋዮች በሌላ መንገደኛ እጅ ደረሱኝ።

ወንድሟ በቅሎውን ጭኖ ረፋዱ ላይ መጣ። አጠገቤ አስቀመጥኩትና መስፋቴን ቀጠልኩ። ብዙ ቆየን። አምፖሏ በራች።

"ምን ፈልጋ ነው?" አለ።

"ሄደህ ጠይቃት።"

ሄደ። ሲመለስ ራሱን እያከከ ነበር። "በቅሎዬን በጣቷ ጠቆመችኝ። ከዚያ መንገዱን ጠቆመችኝ።" ልጓሙን እያነሣ "አፍ የላትም ብዬ ነበር" አለና በቅሎውን ባዶውን እየሳበ ወደ ጉንደ ወይን ተመለሰ።

ባለቤቴ እስክታርፍ ድረስ በቤቷ፣ በአልጋዋ ኖረች። ስለ ድንጋዮቹ የሰማሁት መስከረም ጠብቶ ሞጣ ስሄድ ነው። እዚያም ድንጋይ ጠፍቶ ኖሮ፣ ነጋዴው ከገዛ ራዲዮው አውጥቶ ነው የላከልኝ፤ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ወሬ ከጎረቤት እየለመነ ሰነበተ። ያን ዘመን ማን አሻገረህ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ መልሴ የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ ነው።