ጃፓን ለመሄድ የጻፍኩት ምክንያትና ያልጻፍኩት

ሰው «ጃፓን ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አሁን አልደናገርም። ያኔ ግን ጥያቄው በመጣ ቁጥር ወሬ እቀይር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦር ሠራዊት ወጥቼ ሁለት ዓመት ያህል የልብስ ሱቅ ውስጥ ከሠራሁ በኋላ የንግድ ሥራ አመራር ልማር ኮሌጅ ገባሁ። የምኖረው እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ነው። ታላቅ ወንድሜ አግብቶ ወደ ደቡብ ስለሄደ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት የእኔና የእናቴ ብቻ ሆኗል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ከክፍላችን አሥራ ሁለት ተማሪዎች ተመርጠው ለአሥር ቀን ጃፓን ይሄዳሉ፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ይጎበኛሉ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ወጪውን ኮሌጁ ይችላል፤ ከተማሪው የሚፈለገው አንድ ገጽ ጽሑፍ ብቻ ነው። ለምን መሄድ ትፈልጋላችሁ?

ገጹን ባቡር ውስጥ ጻፍኩት። ከረሆቮት ጣቢያ ስነሣ ጀምሬ ሳልወርድ አለቀ። ስለ ዓለም ገበያ ጻፍኩ፣ ስለ ፈጠራ ጻፍኩ፣ አንድ ቀን የራሴን ድርጅት ስለማቋቋም ጻፍኩ። ውሸት እንኳ አልነበረም፤ ግን የእኔም አልነበረም። ቃሉን ከራሳቸው ማስታወቂያ ላይ እየለቀምኩ መልሼ ለራሳቸው ሰጠኋቸው።

እውነተኛው ምክንያት ከማስታወቂያው ጋር በተያያዘው የጉዞ ዝርዝር ውስጥ ነበር። በስድስተኛው ቀን የሚጎበኘው፣ ሐኪምና በሽተኛ ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ ሲቀሩ መሃል ገብቶ የሚያስተረጉም መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ ነው። ያችን መስመር ሳነብ ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። ምን እንዳየሁ አላስታውስም።

እኔ የቤታችን አስተርጓሚ የሆንኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናትና አባቴ ከሌሎች ቤተ እስራኤላውያን ጋር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጡ ጎልማሶች ነበሩ። ጥቂት ወር ዕብራይስጥ ተምረው ወደ ሥራ ገቡ፤ እሱ የመናፈሻ አትክልተኛ ሆነ፣ እሷ ጽዳት ያዘች። የገበያና የአውቶቡስ ዕብራይስጥ አላቸው። የወረቀትና የሐኪም ዕብራይስጥ ግን የላቸውም። ወንድሜ ዝምተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ለፍላፊ። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ስልክ ሲደወል፣ ኩፓት ሆሊም የሚባለው ክሊኒክ ለሕክምና ሲኬድ፣ «ነይ እስቲ» የምባለው እኔ ነበርኩ።

አንዳንዱ ያስቃል። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ እናቴን አስጠርታ «ልጅሽ ክፍል ውስጥ ወሬ አታቆምም፤ መላ በያት» አለቻት። እኔ ከሁለቱ መሃል ተቀምጬ «ተሳትፎዋ በጣም ጥሩ ነው ትላለች» ብዬ አስተረጎምኩ። እናቴ ደስ ብሏት የመምህሯን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነቻት። መምህሯ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ።

አንዱ ግን አያስቅም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ታመመ። ክረምቱን ሙሉ ሆስፒታል ተመላለስን። አንድ ቀን የምርመራውን ውጤት ልንሰማ ገባን። የምታስተረጉምልን ሠራተኛ በዚያ ቀን አልነበረችም። ሐኪሙ እኔን አየና «ሌላ ትልቅ ሰው አብሯችሁ አልመጣም?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ አለሁ» አልኩት።

ትንሽ አመነታ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየለየ ነገረኝ። መድኃኒቱ አልሠራም። ከእንግዲህ ሕመሙን ያስታግሱለታል እንጂ አያድኑትም። የቀረው ጊዜ ጥቂት ወር ነው። «በቀስታ ንገሪያቸው» አለኝ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ፣ ሆዴ?»

«መድኃኒት ይቀየራል አለ» አልኩት። «ትንሽ ጊዜ ይፈጃል፣ ትዕግሥት ያስፈልጋል ነው የሚለው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አባቴ። ሐኪሙ ተነሥቶ ራሴን ዳበስ አደረገኝና እስከ በሩ ሸኘን።

አባቴ ከፋሲካ በፊት ዐረፈ። ለቅሶው ላይ አንድ ሰው «ምስኪን፣ ድንገት ነው የሄደው» ሲል ሰማሁ። ያች ቃል እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። ድንገት የሆነበት በእኔ ነው ብዬ አመንኩ። የሚሰናበተውን ሳይሰናበት፣ የሚናዘዘውን ሳይናዘዝ የሄደው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለወንድሜም፣ ሠራዊት ውስጥ በአንድ ክፍል አብራኝ ለኖረችው ጓደኛዬም። ዓመታት አለፉ። እኔም ኩፓት ሆሊም መሄዴን፣ ማስተርጎሜን ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ቃል እንኳ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ነበር።

ገጹን ከላክሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ጠያቂዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንድ ወጣት መምህርና የጉዞው ኃላፊ የሆኑ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ። ሴትዮዋ ገጼን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥሩ ተጽፏል» አሉኝ። «ግን ዛሬ ይህንኑ ገጽ ሰባት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የጸሐፊው ስም ብቻ ነው የሚለየው። አንቺ ለምንድነው መሄድ የምትፈልጊው?»

የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው። ስለ ስድስተኛው ቀን ነገርኳቸው። ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ አባቴ፣ ስላስተረጎምኩት ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው። በዕብራይስጥ ስለነበር ይሆናል፣ አልተደናቀፍኩም፤ በአማርኛ ብሆን ኖሮ አንድ ቃል አይወጣኝም ነበር። «እንዲህ ያለ መሣሪያ በእርግጥ ካለ፣ እንደሚሠራ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» ብዬ ጨረስኩ። «ሌላ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ።»

ወጣቱ መምህር ብዕሩን አስቀመጠ። ሴትዮዋ ገጼን ወደ ጎን አድርገው «ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» አሉኝ።

«የንግድ ሥራ ጉዳይ አልመሰለኝም።»

«ነው እንጂ» አሉ። «ሥራ የሚጀመረው እኮ ሰው ከቸገረው ነገር ነው።»

በሳምንቱ ተመርጠሻል የሚል መልእክት ደረሰኝ። ደስታው ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ምስጢሬን ያውቃሉ፣ እናቴ ግን አታውቅም። ይህ አሳፈረኝ።

አርብ ከቀትር በኋላ ነበር። እናቴ በረንዳ ላይ የደረቀ ልብስ ከገመድ እያወረደች ታጥፋለች። እኔም አንሶላውን በአንድ ጫፍ ይዤላት ስለ ጉዞው ነገርኳት።

«ጃፓን!» አለች። «ለቴክኖሎጂ ብለሽ ነው?»

«አዎ፣ እማ።»

«ልጄ፣ እኔ በየቀኑ የማጸዳው ምን መስሎሻል? ላብራቶሪ ነው። ረሆቮት ያለው ሳይንቲስት አይበቃሽም? እሑድ ይዤሽ ልግባና እስኪሰለችሽ እይ።»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ግን አንሶላውን ወደ ደረቷ አስጠግታ በትኩረት አየችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። የሸሸሽው ነገር አለ?»

ተቀመጥኩ። ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ልብስ ነበረበት፤ እላዩ ላይ ተቀመጥኩ። በአማርኛ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ገባኝ። «ከአባዬ ጋር ሆስፒታል የሄድን ቀን… ሐኪሙ ያለውን አልነገርኳችሁም። መድኃኒት ይቀየራል አላለም።»

እናቴ አልደነገጠችም። እጇ ላይ ያለውን አንሶላ አጥፋ ጨረሰችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እናውቃለን» አለች።

«ማን?»

«እኔም አባትሽም። የዚያኑ ቀን፣ ገና ከክፍሉ ሳንወጣ። ሐኪም መድኃኒት ለመቀየር ብሎ የሰው ልጅ ራስ ይዳብሳል? አንቺስ ብትሆኚ፣ ፊትሽ አመድ መስሎ ነው እኮ የተናገርሽው።»

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ቀጠለች።

«አውቶቡሱ ላይ አንቺ ከፊታችን ባለው ወንበር ተቀምጠሽ ነበር። አባትሽ በጆሮዬ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ልጅቷ እንዳወቅን አትወቅ። ያን ቃል ከአፏ ማውጣት ካልቻለች አናስጨንቃት› አለኝ። በማግስቱ ቄሱን አስጠራ። የሚለውን ሁሉ ብሎ ጨረሰ። አጎትሽስ ከአሽኬሎን ለምን የመጣ ይመስልሻል? ስድስት ዓመት ተኳርፈው ኖረው፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ተቃቅፈው አለቀሱ።»

አጎቴ የመጣበትን ቀን አስታውሳለሁ። ለጥየቃ የመጣ ነበር የመሰለኝ። ብርቱካን ይዞ ነበር፣ ልጣጩንም እኔ ነኝ የጣልኩት።

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አልኳት። እየጮህኩ መሆኔን ያወቅሁት የጎረቤት መስኮት ሲከፈት ነው።

«የረሳሽው መስሎኝ» አለች። ድምጿ ተሰበረ። «ልጅ ይረሳል አልኩ። ሳላነሣባት ትርሳው አልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክመሽው እንደኖርሽ ባውቅ ኖሮ በእግዚአብሔር አንድ ቀን አላሳድረውም ነበር።»

ሁለታችንም አለቀስን። የሚገርመው፣ ማልቀሱ አልከበደኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ ትንፋሼን እንደያዝኩ ኖሬ፣ ድንገት አየር እንደ ልብ የገባልኝ መሰለኝ። አባቴ ተሰናብቶ ነው የሄደው። ታርቆ ነው የሄደው። ደግሞም እኔን ከጭንቀት እየጠበቀ። እናቴ ሳሙና ሳሙና በሚሸት የትራስ ልብስ ፊቴን ጠረገችና «ያላ፣ ሰንበት ሊገባብን ነው፣ ተነሺ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ መሄዱ ራሱ አስፈላጊነቱ የቀረ መስሎኝ ነበር። ለእናቴ ብነግራት «ቤሰደር፣ እሺ፣ ምክንያትሽ አለቀ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ዝም ብለሽ ሂጂ፤ ሰው ያለ ምክንያትም አገር ያያል» አለችኝ። የጉዞው ዕለት ጠዋት እስከ ረሆቮት ባቡር ጣቢያ አብራኝ መጣች። ሻንጣዬን በጎማው እየጎተተች፣ ላገኘችው ሁሉ «ጃፓን ነው የምትሄደው» እያለች።

ጃፓን ውስጥ ፋብሪካ አየን፣ ሮቦት አየን፣ ብዙ ሰው በጸጥታ ሲሰለፍ አየን። ስድስተኛው ቀን ደረሰ። መሣሪያው ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ አገኘሁት፤ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይናገራል። «በቋንቋችሁ ሞክሩት» አሉን። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ አማርኛ የለበትም። ለሁለት ቀን ብበሳጭ አይገርምም ነበር፣ እኔ ግን ሳቄ መጣ። በዕብራይስጥ «የት ላይ ነው የሚያምህ?» አልኩት፣ እሱም በጃፓንኛ ደገመው፣ የክፍል ጓደኞቼ አጨበጨቡ።

መሣሪያው ሆስፒታል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የምታስረዳን አንዲት ነርስ አብራ ነበረች። እጄን አወጣሁ። «ከባድ ነገር የሚነገር ከሆነስ? የማይድን በሽታ ቢሆን? ያኔም በዚህ ነው?»

አስጎብኚያችን ተረጎመላት። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም» አለች። «ያን ቀን መሣሪያውን እናስቀምጠዋለን። ለሥራው የሠለጠነ ሰው ይጠራል፣ ካልተገኘም በስልክ ይገባል። ቤተሰቡ ልጅ ይዞ ከመጣ ደግሞ ልጁ እንዲያስተረጉም አንፈቅድም።»

እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ የቀረውን ማብራሪያ ግን አልሰማሁም። ከአገሬ ይህን ያህል ርቀው ያሉ ሰዎች ጉዳዩን ቁጭ ብለው አስበውበታል። ሐኪሙም ጥፋተኛ አልነበረም፣ እኔም አልነበርኩም፤ ያን ቀን የሚጠራ ሰው አልነበረም፣ በቃ።

ከተመለስኩ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ ላይ አደረግሁ። ስጠይቅ፣ ስደዋውል፣ እኛም ዘንድ በአማርኛ በስልክ የሚያስተረጉሙ ሰዎች እንዳሉ አወቅሁ። ችግሩ ወሬው ብዙ ወላጅ ጆሮ አለመድረሱ ነው። እናቴም አታውቅም ነበር። ቁጥሩን ጽፌ ሰጠኋት።

ባለፈው ወር ጉልበቷን ልትታይ ስትሄድ እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። በሩ ተዘግቶ እሷ፣ ሐኪሟና በስልክ የምታስተረጉመው ሴት ብቻ ነበሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ጉልበቴ ነው» አለች። «የቀረው የኔ ጉዳይ ነው።»

ቦርሳዋን አስተካክላ ቀድማኝ ወደ አውቶቡሱ አመራች። እኔም ሰዓቴን አይቼ ወደ ኮሌጅ ሄድኩ፤ በሐኪም ቀጠሮዋ ቀን ሁሌ አረፍድ ነበር፣ ያን ቀን ግን ሳላረፍድ ክፍል ደረስኩ።