ማንቆርቆሪያው ኤሊስ

በእኛ አገር፣ በዌልስ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ የስሙ ብዛት ከሰዉ ብዛት ያንሳል። በአበርሌቭ መንደር ብቻ ኤሊስ ጆንስ የሚባሉ አምስት ሰዎች አለን። ስለዚህ መንደሩ ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው፣ ወይም እንደ ጥፋቱ፣ ቅጽል ያወጣለታል። አንዱ ዓሣው ኤሊስ ነው፤ አንዱ ፖስታው ኤሊስ፤ ሌላው ደግሞ የዛሬ አርባ ዓመት በሠርጉ ቀን ከአጥር ላይ ስለ ወደቀ እስከ ዛሬ አጥሩ ኤሊስ ይባላል። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ አጥር ዘሎ አያውቅም። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መምህሩ ኤሊስ ነበርሁ። ቅጽሌን እንደ ካባ ደርቤው ስዞር ኖሬ በስልሳ ስምንት ዓመቴ በገዛ እጄ አስገፈፍሁት። እንዴት እንደ ሆነ፣ ሌላ ሰው አጣምሞ ሳያወራው፣ እኔው ልንገራችሁ።

ነገሩ የመጣው በካራቫናችን ነው። ካራቫን ስል መኪና እየጎተተ የሚያዞረውን ማለቴ አይደለም። ጎማውስ አለው፤ ግን አንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ከቆመ በኋላ ነፋስ እንዳይወስደው በሰንሰለት ከመሬት ጋር ታስሮ፣ ባለበት የሚያረጅ የቆርቆሮ ቤት ነው። የእኛን የገዙት የባለቤቴ የኔስታ አባት ናቸው። ከባሕሩ በላይ ባለ የበግ እርሻ ሜዳ ላይ፣ ከሌሎች ዐሥራ አንድ ካራቫኖች ጋር ተደርድሮ ይኖራል፤ ሦስት ልጆች በየበጋው አሳድገንበታል። ኔስታ ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ ወደ አሸዋው የሚያወርደውን የድንጋይ ደረጃ መውረድ አልቻለችም። ሆኖም በካራቫኑ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ባሕሩን በመስኮት ታያለች። ለእርሷ ባሕር ማለት ከዚያ ወዲህ ያቺ መስኮት ናት።

የሜዳው ባለቤት ሮድሪ ይባላል፤ እርሻውን ከአባቱ የወረሰ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። በልጅነቱ አስተምሬዋለሁ። በጥቅምት፣ ሜዳው ለብርዱ ወራት ሊዘጋ ሲል፣ ኮፍያውን አውልቆ በካራቫናችን በር ላይ ቆመ።

«መምህር፣ ውስጡ እርጥብ ነው። ሻጋታው ከደጅ ይሸታል» አለኝ።

«ጣሪያው ትንሽ ያፈስሳል። እጠግነዋለሁ።»

«እንግዲህ ሜዳው ለፋሲካ ሲከፈት መጥቼ አየዋለሁ። ደረቅ ከሆነና የጋዝ መርማሪዋ ወረቀት ከሰጠችው ይቆያል። ካልሆነ በትራክተር ጎትቼ ማውጣቴ ነው። ጎረቤቶቹ ያጉረመርማሉ፤ እርስዎ ባይሆኑ አምና ነበር የማወጣው።»

ኔስታ ከውስጥ ሆና ሰምታለች። መስታወቱን በመሐረቧ ጠረገችና ባሕሩን አየች፤ ወዲያው ደግሞ ስለ ተሸፈነባት እንደገና ጠረገችው።

የመኪና ነገር ቢሆን ኖሮ አልደነግጥም ነበር። ቀይዋ ፒክ አፓችን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በናፍጣ የምትሄድ፣ እንደ እኔ ጠዋት ጠዋት የምትስል። በብርድ ቀን ቁልፉን ግማሽ አዙሬ፣ የማሞቂያዋ ቢጫ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ከጸሎት ቤታችን መዝሙር ሁለት ስንኝ በለሆሳስ እዘምርላታለሁ። የባሕር ጨው እንዳይበላት ሆዷን በንጹሕ ውኃ አጥባለሁ። በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ከናፍጣ ማጣሪያዋ ሥር የተጠራቀመውን ውኃ በማርማላታ ጠርሙስ ቀድቼ ለኔስታ አሳያታለሁ።

«ጎበዝ» ትለኛለች፣ ከሹራብ ሥራዋ ቀና ሳትል።

ያቺን መኪና በሕይወት ያኖርሁ ሰው አንድ የቆርቆሮ ቤት እንዴት ያቅተኛል ብዬ ተነሣሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ግን ገና ድሮ ጠምጥሜ ስለ ጨረስሁ መማሩ አልታየኝም። በየሳምንቱ ወደ ሜዳው እየሄድሁ መጀመሪያ የጣሪያውን መጋጠሚያ ሁሉ በሲሊኮን ማሸጊያ ደፈንሁ። እርጥበቱ ባሰ። መስኮቶቹን ዙሪያቸውን ደፈንሁ፤ የኔስታን መስኮት ሁለት ጊዜ፣ ከፍቅር የተነሣ፣ እስከማይከፈት ድረስ። እርጥበቱ አሁንም ባሰ። በመጨረሻ ከበሩ ሥርና ከግድግዳው ግርጌ ወንፊት የለበሱ አራት ቀዳዳዎች አየሁ። ነፋስ ሽው ይልባቸዋል። ለካ የዚህን ሁሉ ዘመን እርጥበት የሚያስገቡት እነዚህ ናቸው ብዬ ፈረድሁባቸው። ማን፣ ለምን እንደ ሠራቸው አልጠየቅሁም። አራቱንም ደፈንኋቸውና በሥራዬ ረክቼ ማንቆርቆሪያውን ጣድሁ።

የሕንፃ ዕቃ የሚሸጥልን ኢቫን ነው። የመንደሩን ቅጽል ስሞች የሚያወጣውም እርሱ ነው፤ ለዚህኛው ሥራ አይከፈለውም።

«ስንተኛው ሲሊኮን ነው መምህር?» አለኝ አንድ ቀን።

«ዐሥራ አራተኛው።»

«ካራቫን ነው የሚሠሩት ወይስ መርከብ?»

«ጣሪያው ነው ያስቸገረኝ።»

«ኖኅም ሲጀምር እንዲሁ ነበር ያለው» አለና ጠቀለለልኝ።

በየካቲት ፍሳሹን ከምንጩ ልይዘው ቆርጬ ሦስት ቀን እዚያው ሰነበትሁ። የጋዝ ማሞቂያው ሲነድ ይውላል፤ የበግ ሾርባዬ ይንተከተካል፤ ማንቆርቆሪያው አያርፍም፤ የረጠቡ ካልሲዎቼ በገመድ ላይ ይተናሉ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የውኃ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አርፎ ቀሰቀሰኝ። ቀና ብል ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር ዕንቁ ለብሷል። ወጥቼ ሰማዩን አየሁ። ሦስቱንም ቀን አልዘነበም፤ በእኛ አገር ይህ ራሱ ተአምር ነው። እኔ ግን ካራቫኑ የአምናውን ዝናብ አጠራቅሞ አሁን እያፈሰሰው መሆን አለበት ብዬ ደመደምሁ፤ ደብተሬ ላይም ጻፍሁት። ቀጥዬ ጣሪያው ላይ የተኛ ውኃ ካለ ይውረድ ብዬ አንዱን ጎን በክሪክ ከፍ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ሻይ ስቀዳ ስኒው በጠረጴዛው ላይ ወደ ባሕሩ ይንሸራተት ጀመር።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኔስታ ካፖርቷን ለብሳ ፒክ አፗ አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

«ዛሬ እኔም እሄዳለሁ።»

«ገና አላለቀም እኮ።»

«ሳያልቅ ልየው። ካለቀለት በኋላማ ማንም ያየዋል።»

መንገድ ላይ ናፍጣ ልሞላ ቆምሁ። ኔስታ አንገቷን ሰገግ አድርጋ መለኪያውን አየች። «ሩቡ እንኳ አልጎደለም። ለምን ትሞላለህ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠየቅ ደስ ይለኛል። «ሰልባቲዮው፣ የናፍጣ ቋቷ፣ ከጎደለ ባዶው ቦታ አየር ይሆናል። አየር ውስጥ ተን አለ። በብርድ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ተኑ ጤዛ ሆኖ በግድግዳው ይወርድና ናፍጣው ውስጥ ይገባል፤ ፓምፑን ይገድላል። ስለዚህ በብርድ ወራት ሰልባቲዮ አይጎድልም።»

«ክዳን የለውም?»

«አለው እንጂ፣ ጥብቅ ያለ።»

«ታዲያ ውኃው ከየት ገባ?»

«አልገባም አልኩሽ እኮ፤ ከውስጡ ነው የሚያልበው።»

«እሺ» አለችና ዝም አለች። የኔስታ ዝምታ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው። እኔ ግን የማየው መንገዱን ብቻ ነበር።

ካራቫኑ ስንደርስ በሩን ከፈትሁላት። ሽታው ቀድሞን ወጣ። አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ ወለሉ ከሥሯ እንደ እርጥብ ዳቦ ሰረጎደ። ሻይ ልናፈላ ማንቆርቆሪያውን ጥደን ጥቂት እንደ ቆየን አንዲት ጠብታ መነጽሯ ላይ ዱብ አለች። አውልቃ ጠረገችው።

«ዛሬ ዘንቧል?»

«አልዘነበም።»

«እንግዲያው ካራቫኑም እንደ ሰልባቲዮው ከውስጡ እያላበው እንዳይሆን?»

ሳቅሁ። «ሰልባቲዮ ሰልባቲዮ ነው፣ ካራቫን ካራቫን ነው» አልኋት። ይህን ዓረፍተ ነገር ተማሪ ቢጽፍልኝ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዘው ነበር።

ሮድሪ መኪናችንን አይቶ ኖሮ በሩ ላይ ደረሰ። ሰላምታ ሰጥቶን ዓይኑ ወደ ግድግዳው ግርጌ ወረደ።

«መምህር፣ መተንፈሻዎቹ የት ሄዱ?»

«ደፈንኳቸው።»

«ማሞቂያውን እያነደዱ?»

«አዎ። ሦስት ቀን ሰነበትኩ፤ በጣም ይሞቅ ነበር።»

ሮድሪ ድምፁ ዝቅ አለ። «በዚህ እኮ ሰው ይሞታል። ጋዝ አየር ሲያጣ መርዝ ይሆናል። እንዴት ተረፉ?» አለና በጉልበቱ ተንበርክኮ አልጋው ሥር ገባ። ሲወጣ ጡጫውን ጨብጦ አሳየኝ። «ይህን የሚያህል ቀዳዳ አለ። አይጥ ነው የሸረሸረው።»

ኔስታ ወደ እኔ አላየችም። ነፍሴን ያተረፈልኝ አይጥ ነው። በዚያው ዕለት ዐሥራ አምስተኛውን ሲሊኮን ይዤ የመጣሁት፣ ከአልጋው ሥር ነፋስ ሲገባ ስለ ተሰማኝ፣ ያንኑ ቀዳዳ ልደፍን ነበር።

ማንቆርቆሪያው ፈልቶ እንፋሎቱን ይተፋ ጀመር። ሮድሪ ከመደርደሪያው ሳህን አንሥቶ እንፋሎቱ ላይ ያዘና አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ጣቱ የእኔ ነበር፤ ድምፁም የእኔ።

«ልጆች፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ማንቆርቆሪያ ነው መምህር» አለች ኔስታ።

«ይህስ?»

«ቀዝቃዛ ሳህን።»

«እንፋሎት ቀዝቃዛ ሳህን ሲነካ ምን ይሆናል?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከሳህኑ ውኃ ጫማዬ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። በማስተምርበት አረንጓዴ የሳይንስ መጽሐፍ፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ ሥዕሉ አለ። ሠላሳ አራት ዓመት በየጥቅምቱ ያንን ማንቆርቆሪያና ያንን ሳህን ይዤ ክፍል ገብቻለሁ።

«ጤዛ ይሆናል» አልሁ።

«ጎበዝ፣ ተቀመጥ» አለ ሮድሪ። ወዲያው ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ መምህር። ይቀመጡ ማለቴ ነው።»

ተቀመጥሁ። ሮድሪ ሳህኑን እየጠረገ «በካርዴ ላይ ‹ሮድሪ አያስተውልም› ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እናቴ ወጥ ቤት ሰቅላው እስከ ዛሬ አለ» አለኝ። ቢላ እንዲያውሰኝ ጠየቅሁት።

በዚያች ቢላ ዐሥራ አራት ሲሊኮን ፍቆ ማንሣት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ይፍረደኝ። መተንፈሻዎቹን ከፈትሁ፣ መስኮቶቹን አስለቀቅሁ፣ ካራቫኑን ከክሪኩ አውርጄ አስተካከልሁት። ከአልጋው ሥር የበሰበሰውን ወለል ቆርጬ አወጣሁ፤ አይጡ ቀድሞ ሄዶ ነበር፣ አላመሰገንሁትም። አዲሱን ኮምፔንሳቶና እንጨቱን ፒክ አፗ በሦስት ጉዞ አመጣችልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላሳፈረችኝ እርሷ ብቻ ናት። በመንደራችን እሑድ መዶሻ አይመታም። መስኮት ከፍቶ መሄድ ግን ሥራ አይባልምና ሁለቱን እሑዶች ሁሉንም በርግጄ ጸሎት ቤት ሄድሁ። የባሕሩ ነፋስ በእነዚያ ሁለት እሑዶች የሠራውን እኔ አምስት ወር ሙሉ አልሠራሁትም። ጣሪያው እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አላስገባም፤ ድሮም አላስገባ ኖሯል።

የጋዝ መርማሪዋ ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ መጣች። ነበልባሉን አየች፤ ቀዳዳዎቹን ቆጠረች፤ ዙሪያቸው የቀረውን የሲሊኮን ጠባሳ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመምህር ሥራ ነው። አልፏል» አለቻት ኔስታ። መርማሪዋም ፈረመችልን።

ቅዳሜ ሮድሪ መጣ። መዳፉን ጣሪያው ላይ ለጥፎ ቆየ፤ ወለሉን በተረከዙ ረገጠ፤ እንደ አዳኝ ውሻ አሸተተ። ኔስታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የሹራብ መርፌዋን ይዛ ነበር፤ አትሠራም። ሮድሪ መዳፉን ገልብጦ አየ።

«ደረቅ ነው። ይቆያል።»

ኔስታ መርፌዋን አስቀምጣ ጋደም አለች። «በል ሻዩን አፍላ» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ያልተከፈተውን ዐሥራ አምስተኛ ሲሊኮን ለኢቫን ስመልስ ለምን እንደ መለስሁት ጠየቀኝ፤ እኔም እውነቱን ነገርሁት። ለኢቫን መንገር ጋዜጣ ላይ ማሳተም መሆኑን የማያውቅ መስዬ። ማክሰኞ ዕለት ፖስታው ኤሊስ «ማንቆርቆሪያው፣ ደብዳቤ አለህ» ብሎ ከመንገድ ማዶ ጠራኝ። ከሰዓት በኋላ አጥሩ ኤሊስ ሆን ብሎ ቤቴ ድረስ መጥቶ እጄን ጨበጠኝና «እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ። ሰውዬው ከልቡ ነበር፤ በጥፋቱ ስም እየተጠራ አርባ ዓመት ብቻውን ቆይቷልና።

አሁን በጋ ነው። ማንቆርቆሪያው መተንፈስ ሲጀምር ኔስታ ካለችበት ሳትነሣ እጇን ትዘረጋና መስኮቷን በአንድ ጣት ገፋ ታደርገዋለች። የባሕሩ ድምፅ ይገባል። እኔም ጣሪያውን ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ከዚያ ሻዩን እቀዳለሁ።