ማህተም ያለው የዋና ልብስ

ያኔ ክልሉ አዲስ ነበር። ቢሯችን ወንበር ሳይኖረው የንብረት ተቆጣጣሪ ነበረው። እኔ ከባሕር ዳር አሶሳ የተመደብኩ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ጣና ዳር ስላደግሁ ውሃ አልፈራም፣ ይህንንም ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ምላሴ ናት ጉድ ያፈላችብኝ።

ወሬው የስፖርት ቢሮ ኃላፊው ጆሮ ደረሰ። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሙቀቱ እንዲያ እያነደደ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስብሰባ ተመልሰው አስጠሩኝ። ሰብሳቢው ክልሎቹን በየስማቸው እየጠራ ሲያመሰግን ቆየና፣ እኛ ጋ ሲደርስ «እና ሌሎቹም» ብሎ አለፈ አሉኝ። «‹ሌሎቹም› አለን» አሉ ደግመው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንጀቴን በሉት።

ለካ መፍትሔውን ይዘው ነው የመጡት። ደጋ ላይ ባለ አንድ ሐይቅ ክልሎች ሁሉ የሚካፈሉበት የዋና ውድድር ሊደረግ ነው። ከዳር እዳር በራሱ ክንድ የተሻገረ፣ አንደኛም ይውጣ መጨረሻ፣ የክልሉ ስም በሞንታርቦ ይጠራለታል። ጀልባ የነካ ግን ቀረ፤ ክልሉም አይጠራም።

«ትዋኛለህ ይላሉ» አሉኝ።

«እሷማ ምን አላት!» አልኩ። ምን አላት! ምነው አፌን በያዘኝ ኖሮ።

የእኔ ችግር ብርድ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከቆየሁ ባቴን ይጨመድደኛል። በአንድ የውጭ መጽሔት ላይ ደግሞ ከአንገታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጥቁር ላስቲክ ለብሰው የሚዋኙ፣ ከውሃው ወጥተው ብስክሌት የሚጋልቡ፣ ያ አልበቃ ብሏቸው የሚሮጡ፣ ጤና የጎደላቸው ፈረንጆች አይቼ ነበር። እንዲያ ያለ ልብስ ይገዛልኝ አልኩ።

«ይገዛል» አሉ ኃላፊው ወዲያው። «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ።»

መንግሥት ቤት የሠራ ያውቀዋል። እስክሪብቶም ይሁን ትራክተር፣ ከሦስት ነጋዴ በማህተም የተደገፈ የዋጋ ማቅረቢያ ካልመጣ አይገዛም። አሶሳ ውስጥ ግን የላስቲክ የዋና ልብስ የሚሸጥ ሦስት ነጋዴ ቀርቶ፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅም አልነበረም። ይህንኑ ብነግራቸው «ፈልግ» አሉኝ። ፈለግሁ። የዝናብ ልብስ የሚሠራ ልብስ ሰፊ አገኘሁ። ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ አገኘሁ። ሦስተኛው ከኩርሙክ በኩል የሱዳን ዕቃ የሚያመጣ ሽማግሌ ነጋዴ ነው፤ በእጄም በእግሬም እየዋኘሁ ሳስረዳው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ከጆንያ ውስጥ እውነተኛውን ጎትቶ አወጣው። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ጀርባው ላይ ዚፕ ያለው! ፖርት ሱዳን ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ፈረንጆች ጥለውት የሄዱት ነው አለኝ። በደስታ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

የግዥ ኮሚቴው ሦስቱንም ናሙና ለብሼ እንዳሳይ ወሰነ። ወሩ መጋቢት ነው፤ የመጋቢትን አሶሳ የሚያውቅ ይፍረደኝ። ኮሚቴው አዳራሹ ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል፣ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ እየለበስኩ ብቅ እላለሁ። የልብስ ሰፊው ሥራ ሰማያዊ ሸራ ነው፤ የደረት ኪስ አለው። ኪሱ ለምንድን ነው ተባለ። «ለመታወቂያ» አለ ሰፊው፣ ኮሚቴውም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። የጎሚስታው ከጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከከመነዳሪ፣ ተቆርጦ በማስቲሽ የተጣበቀ ሲሆን፣ የአየር መሙያው አፍ ሆዴ ላይ ቀርቷል። «ሆን ብዬ ነው፤ ሲያሰጋው ይነፋል» አለ በኩራት። የነጋዴውን ልብስ ለመልበስ ከራሴ ጋር ስታገል ሁለት የኮሚቴ አባላት ተነሥተው ግራና ቀኝ ጎተቱልኝ። ዚፑ ሲዘጋ ግን ልክክ አለ።

«ይኸው! ይሄ ነው!» አልኩ ላቤ እየተንጠባጠበ።

«ማህተም የለውም» አሉ የኮሚቴው ጸሐፊ።

ነጋዴው ማህተም የለውም፣ ኖሮትም አያውቅ። ኃላፊው አንገታቸውን ደፉ፤ አዲስ ክልል ነን፣ ገና ከመጀመሪያው ደንብ ጥሰን ብንገኝ ምን ይሉናል አሉ። ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ ኮሚቴውን አየ።

«ወላሂ አልገባኝም» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። «ኡስታዝ ነው የምትዋኘው፣ ማህተም ነው የምትዋኘው?»

ጎሚስታው ማህተም ነበረው፤ አሸነፈ። እኔ በንዴት ጦፌ «እንግዲያው እሱ ይዋኝ!» ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ እውነተኛውን በራሴ ኪስ ልግዛው ብዬ ገበያ ስወርድ፣ ሽማግሌው ለአንድ ማር ቆራጭ ሸጦታል። ንብ አይነድፍበትም አለኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያበግነኛል።

አልሄድም ልል ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው ቀና ብለው «ይጠሩናል፣ አይደል?» አሉኝ። ምን ይባላል? «ይጠሩናል» አልኩ።

ሐይቁ ዳር የሌሎቹ ክልሎች ዋናተኞች በቁምጣ ቆመዋል። እኔን በጎሚስታው ልብስ ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ። አልፈርድባቸውም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን መሬት ላይ እንከባለል ነበር። ኃላፊው ግን ጭንቅ ውስጥ ናቸው። ከመኪናው የብስክሌት መንፊያ ይዘው መጡና ሆዴ ላይ ሰኩት።

«ትንሽ ልጨምር፣ እንዳትሰጥም።»

«ኧረ በቃ!»

«ትንሽ ብቻ፣ በሞቴ።»

ፊሽካው ሲነፋ እኔ ቀድሜ ተነፍቼ ነበር።

ውሃው ላይ ተቀመጥኩ እንጂ አልገባሁም። ክንዴ ውሃውን አይደርስበትም፤ ነፋሱ ወደ ጎን ይዞኝ ይሄዳል። ሌሎቹ ርቀው ከዓይኔ ጠፉ። የነፍስ አድን ጀልባዋ መጣች።

«ና ውጣ፣ ወንድም!»

«እንዳትነኩኝ!»

«ትሰጥማለህ!»

«መስጠም አልችልም እኮ!» ብዬ ጮኽኩ። እውነቴን ነው።

መሃል ሐይቁ ላይ ማስቲሹ አዘነልኝ። ብብቴ ሥር አንድ መጋጠሚያ ተላቀቀና፣ ሰው ፊት የማይወጣ ድምፅ እያወጣ ይተነፍስ ጀመር። ጀልባዋ ላይ ያሉት አፍንጫቸውን ያዙ። ቀስ በቀስ ዝቅ አልኩ፤ ክንዴ ውሃውን አገኘ፣ ብርዱም እኔን አገኘኝ። ባቴ ጭምድድ አለ። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ጀልባዋ ቅርቤ ናት፣ እጄን ብዘረጋ ያልቃል። ግን ያቺ «ሌሎቹም» የምትል ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለች። በጀርባዬ ተንጋልዬ በእጄ ብቻ ቀዘፍኩ።

ጀርባዬ ጭቃ ሲነካ ነው መድረሴን ያወቅሁት። ሽልማቱ ተሰጥቶ አልቋል። ድንኳኑ እየፈረሰ ነው፤ ሞንታርቦው ፒክአፕ ላይ ተጭኗል፣ አንድ ሰውዬ ሽቦውን ይጠቀልላል። ኃላፊው ብቻ መንፊያቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ከነጫማቸው፣ ከነኮታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው አጠገቤ ደረሱ። ክንዴን ይዘው አቆሙኝና ፊታቸውን ወደ ዳር አዞሩ። መንፊያውን ብብታቸው ሥር ወሸቁ፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ያ ዝምተኛ ሰው ባለ በሌለ ድምፃቸው ጮኹ።

«የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል!»

ሽቦ የሚጠቀልለው ሰውዬ ቀና አለ።

«ማን አሉኝ፣ አባቴ?»

ኃላፊው እርጥብ ኮታቸውን አስተካከሉና፣ ቀስ ብለው እንደገና ነገሩት።